ያልተሞላ ቦታ

ከጅማ ወጣሁኝ በሰቃ ጎዳና፣
ባጃጁን ከጭቃ ገፋን እንደገና፤
ሚካኤል ደረስሁኝ ከቡና ደን መሐል፣
ሜትር ከኪሴ አለ፣ ክንዴ ፎርም አቅፏል።
ቄሰ ገበዝ መዝገቡ ቁልፉን አንጠልጥለው
«ጫማህ ደጅ ይቅር» አሉ፣ በዓይን ብቻ ገልጠው።

የጉልላቱን ጫፍ ቆጠርሁ፤ ሰባት ነበር የሰጎን እንቁላል፤
ሁለቱን በረዶ ሰብሮ አምስቱ ቀርቷል።
ክብ ይላል ወረቀቱ፤ ክብ ግን አይደለም፤
ሦስቴ ብወጥረው የሚስማማ የለም።
«በሰሜን ግድግዳው ለምን ሆድ አወጣ?»
ብላቸው፣ «ለዋንዛው፤ እሱ ቀድሞ መጣ፤
ግንበኛው ዞረለት። እንግዳ ሰው ገብቶ
ባለቤት ያስወጣል?» አሉኝ ፊታቸው ፈክቶ።
ዋንዛው ዛሬ የለም፤ ጉቶው እንኳ ጠፍቷል፤
ግድግዳው ብቻውን ቦታውን ጠብቋል።

ውስጡ ጨለማ ነው። መጀመሪያ ያየሁት
በአፍንጫዬ ነበር፤ ሰምና እርጥብ እንጨት።
ቀጥሎ ዓይኖች መጡ፦ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፤
ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ፊት ለፊት፣ በእውነት፣
ክፉ በአንድ ብቻ፣ በጎን፣ እንደሚሰርቅ።
መዶሻ የያዘው ግን፣ ከስቅለቱ ግርጌ፣
የሌላ ዓይን ጅምር አየሁበት ፈልጌ፤
ቀጭን የቀለም ጭረት፤ ሠዓሊው አዝኖለት
ይመለስ ይሆናል ብሎ በር የተወለት።

ሠዓሊው ተጠምቀ ነው፣ ከጎጃም የወረደ፣
ቀለሙን በቀንድ ይዞ፣ በእግሩ የነጎደ።
በሩን የጠረበው ጣሃ አባ ዱራ ነው፣
የጅማ አናጢ፣ እጁ ዝግባን የሚያናግረው፣
ከአንድ ግንድ፣ ሳይገጥም፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚያወጣው፣
ጁምዓ ጁምዓ ብቻ መሮ የሚያሳርፈው።
«በበሩ ክንፍ ላይ» ቢሉት «መልአክ ቅረጽ»፣
«ፊት የፈጣሪ ነው፤ ቅጠል ነው የኔ ገጽ»
አለና፣ ከመድረክ እስከ ጉበን ድረስ
ቡናን ከነፍሬው ለቀቀው እንደ ነፍስ።
ሲሳለም የኖረ ከንፈር፣ ከዘመን ዘመን፣
አልስልሶ ጨርሶታል የታችኛውን ፍሬ፤ የላዩ ግን
ዛሬም ይቆጠራል።

ክረምት ገባ። ሰማያዊው አለቀ ከቀንዱ፤
የማርያም መጎናጸፊያ ግማሽ ቀረ፤ ተዘጋ መንገዱ።
የጣሃ ሚስት ዙበይዳ ሰማችና መጣች፤
ነጭ ልብስ የምትነክርበትን ኒል በጨርቅ ቋጥራ ሰጠች።
በቀኝ ትከሻዋ የጎጃሙ ቀለም ጠይሟል፣
በግራዋ የዙበይዳ ኒል ዛሬ ጠዋት የታጠበ ይመስላል።

ከሚካኤል እግር ሥር አንድ ባዶ አየሁ፣
የሰው ቁመት ያህል፣ የተጋደመ፤ «ተልጧል» ብዬ ጻፍሁ።
«ኧረ አልተላጠም፤» አሉ ገበዙ ቀርበው፤
«ያሠራ ሰው ወድቆ የሚሳልበት ነው።
ብር የሰጠማ ሞልቷል፤ መሪጌታ ግን ‹ክረምቱን ሙሉ የሰጠን
ጣሃን ነው የምስል› አሉ። እሱ እንቢ አለ፤ ‹መልኬን
ተዉት ለፈጠረው።› መሪጌታም ማሉ፤
‹እንግዲያው እዚህ ላይ ሌላ ሰው አይገባም› አሉ።
ቁመቱን ለኩና ኖራ ቀቡት በእጃቸው።
እሱን ነው የምታየው።»

በስልኬ መብራት ተጠጋሁ። ነጭ ነው።
ከጫፉ ግን፣ ኖራው ወፈር ካለበት፣
ትከሻ የሚመስል አንዳች ጉብታ አለበት፤
ወይም የብሩሹ መዞሪያ ነው። አላውቅም።

«ተልጧል»ን ሰረዝሁ። ሌላ ቃል ፈለግሁኝ፤
ዓይነት? ይዘት? ጉዳት? ፎርሙ ጠየቀኝ።
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሲያባራ፣
ዝም ብዬ ቆምሁኝ ከነጩ ሰው ጋራ።

ሰነዱን አስረከብሁ፣ ያን ረድፍ ክፍት ትቼ።
ሳምንት አልሞላውም፤ ከነማኅተሙ፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ ተመለሰ ፎርሙ፦
«ያልተሞላ ቦታ አለ። ተሞልቶ ይቅረብ።»